ከግሩፑ ያስወጡኝ ዓመት

በስልክ ግሩፕ ውስጥ ለዓመታት አብሬያቸው የኖርኩ ሴቶች አንድ ቃል ሳይነግሩኝ አስወጥተውኛል። ይህ በደል ነው። በደልነቱ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ሰው አሳምሮ እንዲጽፍልኝ ስላልፈለግኩ ቀስ እያልኩ ራሴ እየጻፍኩት ነው።

ለሰው ስነግር ይስቃል። "ስልክ አይደል እንዴ! ሌላ ግሩፕ ግቢያ" ይለኛል። ዕድር አስወጥቶኝ ቢሆን ይስቅ ነበር? ዕድር እንኳ ሰው ከማሰናበቱ በፊት ይጠራል፣ ጥፋቱን ይነግራል፣ "እስቲ አንተስ ምን ትላለህ" ይላል። እኔን ማንም አልጠራኝም። አልዱባ ትልቋ ልጄ ዘንድ ዓመት ከርሜ ጂንካ ስመለስ፣ የተሰበረውን ስልኬን አሠርቼ ብከፍተው የቤተ ክርስቲያኑ ግሩፕ አለ፣ የሰፈሩ አለ፣ የዶሮ አርቢዎቹ የለም። ታናሿ ልጄ ስልኩን ተቀብላ ወደ ላይ ወደ ታች አለችና፣

"እማዬ፣ አስወጥተውሻል" አለችኝ።

"ማን ነው ያስወጣኝ?"

"አድሚኗ ናታ። ሌላ ሰው አይችልም።"

"ምን አድርጌ?"

"እኔ ምን አውቄ። ተሳድበሽ ይሆናላ!"

እኔ ሰው አልሳደብም። ያየሁትን ነው የምናገረው። የማይወደው ሰው ስድብ ይለዋል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሥሩ ልጀምር። ጂንካ የገባሁት መንግሥት በተለወጠበት ጊዜ፣ በሰማንያ ሦስት ነው። ባለቤቴ ግንበኛ ነበር። ከጎፋ በኩል ሥራ ፍለጋ መጥተን በዚያው ቀረን። ያኔ የአውሮፕላኑ ሜዳ ከተማው መሃል ነበር፤ መጀመሪያ ከብቶቹ ካልተባረሩለት አውሮፕላኑ አያርፍም። ልጆቼን እዚሁ አሳደግኩ፤ ባለቤቴንም እዚሁ ቀበርኩ። እሱ ካረፈ በኋላ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ ብዬ ዶሮ እርባታ ጀመርኩ። ሥልጠና የሰጠን ወጣት በየከተማው ያሠለጠናቸውን ሴቶች ሁሉ ሰብስቦ አንድ የስልክ ግሩፕ ከፈተ። ስለ ክትባትና ስለ መኖ ሊያስተምረን ነበር። ጥቂት አስተማረና ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። አድሚንነቱን አርባ ምንጭ ላለች፣ ልጄ ለምትሆን ሴት ሰጣት። እሱ ሄደ፤ እኛ ቀረን።

ከዶሮ ወደ ባል፣ ከባል ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ወገብ ሕመም እየተሻገርን ዓመታት አለፉ። አንዳችን የሌላችንን ፊት አይተን አናውቅም። ስማችንን እንኳ የሚጠራው የለም፤ እኔ "የጂንካዋ" ነኝ፣ ሌላዋ "የአዳማዋ" ናት፣ እንዲያ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ጽፌ እስክጨርስ ወሬው ስለሚያልፈኝ ሁልጊዜ ቮይስ ነው የምልከው። አብዛኞቹም እንደኔው ነበሩ።

ከሁሉም እኩያዬ የደብረ ብርሃኗ ነበረች። የተዋወቅነው በጠብ ነው። አንዷ ሴት ዶሮዋ አንገቷን ጠምዝዛ እየዞረች እንደሆነ ስትናገር፣ የደብረ ብርሃኗ "ፌጦ በሎሚ ስጫት" አለቻት። እኔ፣ "ምን ፌጦ! ይሄ ፈንግል ነው። የታመመችውን ለይተሽ ሌሎቹን ዛሬውኑ አስከትቢ" አልኩ። እሷም እንዲህ ብላ መጣችብኝ፦

"አንቺ የበረሃ ሴት! ያንቺን ዶሮዎች ሙቀቱ ራሱ ቀቅሎ ይሸጥልሻል። ስለ በሽታ ምን ታውቂያለሽ?"

"ያንቺንስ ውርጩ ቁጭ ባሉበት አድርቆ አይደል የሚያስቀምጥልሽ!"

ሦስት ቀን ተሰዳደብን። ከዚያ በኋላ ድምፃችንን ሳንሰማማ የዋልንበት ቀን የለም። ጠዋት የዶሮ ቤቴን ስከፍት ቮይሷን እከፍታለሁ። የእሷ አውራ ዶሮ ከስልኬ ውስጥ ይጮሃል፤ የእኔው ከደጅ ይመልስለታል። እሷ ጾመኛ ናት፤ እኔ ጴንጤ ነኝ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር "አንቺ ጴንጤ፣ እንቁላል በልተሽ ስታወሪ እኮ ድምፅሽ ያስታውቃል" ትለኛለች። "አንቺ ደግሞ ርቦሽ ስታወሪ ያስታውቃል" እላታለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ያሳቀኝ ሰው የለም።

አሁን ስለ ሕጋችን ልናገር፤ በኋላ ስለሚመጣ። የአድሚናችን የአርባ ምንጯ ታላቅ እህት ሐዋሳ ነበረች፤ እሷም ከእኛው ጋር ግሩፑ ውስጥ ነበረች። አንድ ቀን ከእህቲቱ ስልክ ቮይስ መጣ። ድምፁ የእህቲቱ አይደለም፤ ጎረቤቷ ናት። "የዚህ ስልክ ባለቤት ዛሬ አርፋለች፤ ቀብሯ ነገ ነው" ትላለች። የአርባ ምንጯ በዚያ ሰዓት ገበያ ላይ እንቁላል እየሸጠች ነበር። የእህቷ የዶሮ ወሬ መስሏት ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው። እዚያው እንቁላሉ ላይ ወደቀች። የሚይዛት አንድ ዘመድ፣ አንድ ጎረቤት አልነበረም። ገበያተኛው ከቦ ያያት ነበር።

ያን ቀን የተናደድኩትን ንዴት የጂንካ ሰፈሬ ሁሉ ሰምቶታል። ስልኩን አፌ ላይ ደቅኜ፣ "ሰው መርዶውን ብቻውን አይሰማም!" አልኩ። "ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ሰው ቆሞ፣ በማለዳ ቤቱ ድረስ ተሂዶ ነው መርዶ የሚነገረው። እናንተ ሰው አይደላችሁም? ከዛሬ ወዲያ የሰው ሞት እዚህ ግሩፕ ውስጥ በቮይስ የምትወረውር ሴት ካለች ከእኔ ጋር ተጣላች!" የደብረ ብርሃኗ ወዲያው ተከትላ፣ "ልክ ተናገረች። ሕግ ይሁን" አለች። ሕግ ሆነ። ከዚያ በኋላ የአንዲቷ ዘመድ ሲሞት፣ የሰማችው ሴት መጀመሪያ ጎረቤት ትፈልጋለች፤ ዘመዱ በወጉ መርዶውን ከሰማ በኋላ ነው ግሩፑ ውስጥ የሚለቀሰው። ይህን ሥርዓት ያስያዝኩ ሴት ነኝ እንግዲህ፤ ሳልጠየቅ የተጣልኩት።

ወደ አልዱባ፣ ወደ በና አገር የሄድኩት ትልቋ ልጄ እዚያ ጤና ኬላ ተመድባ ልጆቿን የሚይዝላት ሰው ስላጣች ነው። ዶሮዎቼን ሸጥኩ፤ ቤቴን ቆለፍኩ። ለግሩፑ ነገርኩ፤ ሁሉም መረቁኝ። የደብረ ብርሃኗ ግን፣ "ሂጂ፣ ሂጂ። ሙቀት አነሰሽ መሰለኝ" አለችኝ።

እኛ ያለንበት ሰፈር ኔትወርክ የለም። ማክሰኞ ገበያ ስወጣ ብቻ፣ ከመንገዱ ዳር ከፍ ያለችው ቦታ ላይ ቆሜ ስልኩን ወደ ላይ ስይዝ፣ የሳምንቱ ቮይስ ሁሉ አንድ ላይ ይገባልኛል። ማርና ቅል የያዙ የበና ሴቶች በአጠገቤ እያለፉ ያዩኛል። እኔ ብቻዬን ቆሜ እስቃለሁ፤ አብዳለች ሳይሉኝ አልቀሩም። አንድ ማክሰኞ ለደብረ ብርሃኗ አንድ ነገር ነገርኳት። ጎረቤቴ፣ አንዲት የበና ሴት፣ የጅግራ እንቁላል ከጫካ አግኝታ አምጥታልኝ ነበር። እኔም ጡት ላይ ያለ ልጅ ከእናቱ አይሸሽም ብዬ፣ እንቁላሎቹን ልጄ ቤት ያቀፈች ዶሮ ሥር አስገባኋቸው። ጎረቤቴ በምትችላት አማርኛ፣ "ይሄ ዶሮ አይደለም። ይሄ ጫካ ነው። ይሄዳል" አለችኝ። የደብረ ብርሃኗም ከዚያ ማዶ ሆና ያንኑ አለች።

"ዶሮዋስ ታሳድጋቸዋለች፤ ሞኝ ናት እንዳንቺ። እነሱ ግን እግር ሲያወጡ ጥለዋት ይሄዳሉ። አይቆዩም!"

"ይቆያሉ!" አልኳት። "ያሳደገችውን የሚረሳ ሁሉም አይደለም።"

"እናያለና!" አለች እየሳቀች። የሰማሁት የመጨረሻ ድምፅዋ ይሄ ነው። በሳምንቱ ስልኬ ከእጄ ወድቆ ድንጋይ ላይ ተሰበረ። አልዱባ የሚሠራ የለም፤ ጂንካ የሚወስድልኝም አላገኘሁ። እንዲያው ዓመቱ አለፈ።

ጅግሮቹ ተፈለፈሉ። ዶሮዋ ክንፏ ሥር አስገብታ አሞቀቻቸው። ክንፍ ሲያወጡ አንድ ጠዋት ጫካ ገቡ፤ እሷ አጥሩ ሥር ስትጮህ ዋለች። ማታ ሁለቱ ተመልሰው መጡ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቀን ጫካ እየዋሉ ማታ እኛ ጣሪያ ላይ ያድሩ ነበር። እንግዲህ እሷም ተሳስታለች፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ይህን እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ስንት ጊዜ አሰብኩ! መጀመሪያ መሄዳቸውን ነግሬያት ታሸንፍ፣ ትሳቅብኝ፤ ከዚያ የሁለቱን አመጣባታለሁ። ሌላም ብዙ ያጠራቀምኩት ነበር። የልጅ ልጄ በበና ቋንቋ እየተሳደበ ሰው አላሳልፍ ማለቱ፣ ጥርሴን ነቅለውልኝ በማግሥቱ በቆሎ መብላቴ፣ ሁሉም ለእሷ የተቀመጠ ነበር። ልጄ ልጆቿን የሚይዝላት ሰው ስታገኝ እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከስንቅ ይልቅ ወሬ ነበር ይዤ የመጣሁት። ያገኘሁትን ግን ነግሬያችኋለሁ።

መጀመሪያ ለደብረ ብርሃኗ ላክሁ። የጅግሮቹን ነገር ሳልነካ፣ "መጥቻለሁ፣ አለሽ?" ብቻ። አልከፈተችውም። ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። በማግሥቱም ዝግ ነው። ያኔ ለአርባ ምንጯ ደወልኩ።

"አቤት እማማ! ደህና ነዎት? መቼ ገቡ?"

"ደህንነቴን ተይውና ለምን እንዳስወጣሽኝ ንገሪኝ።"

ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል።

"ሲስተሙ ነው እማማ። ብዙ ጊዜ ያልገባ ሰው... ራሱ ያስወጣል።"

"ሲስተም! የመሥሪያ ቤት ሰው ሆንሽብኝ? ነገ ተመለሺ በይኛ! የደብረ ብርሃኗስ? ስልኳ ለምንድን ነው ዝግ የሆነው?"

"እሷ... ቁጥር ቀይራለች መሰለኝ።"

"አዲሱን ስጪኝ።"

"እፈልግልዎታለሁ። እማማ፣ ቤትዎ ጂንካ የት አካባቢ ነው? ጎረቤትዎስ ማን ናቸው? የአንዳቸውን ስልክ ቢሰጡኝ..."

ደሜ ፈላ። "በሩን ዘግተሽብኝ የቤቴን በር ትጠይቂኛለሽ? ለጎረቤቶቼም ልትነግሪ ነው ጥፋቴን? ለእኔ ያልነገርሽውን?"

"አይደለም እማማ፣ እባክዎ..."

"አልነግርሽም!" ብዬ ዘጋሁባት። ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳሁም። ሌሎቹም ምንም የማያውቁ እየመሰሉ ቤቴን ይጠይቁኝ ጀመር። የአዳማዋ፣ "ጫጩት የሚልክልዎት ሰው አለ፤ ሰፈርዎ የት ነው?" አለችኝ። ውሸቷን ነበር። አድማ እንደሆነ ገባኝ። ሁሉም ያወቁት፣ እኔ ብቻ የማላውቀው ነገር አለ።

ሳስበው ሳስበው የደረስኩበት እንዲህ የሚል ነው፦ የደብረ ብርሃኗ ናት ለአድሚኗ ነግራ ያስወጣችኝ። በጅግራ ነገር ተቀይማ ይሆናል፤ ወይም የሆነ ቃል ከብዷት ይሆናል። ቁጥሯን የቀየረችውም ከእኔ ለመሸሽ ነው። በቃ፣ ተናደድኩ። በዚያ ዝግ ስልክ ላይ ቮይስ አወርድባት ጀመር። "ቅያሜ ካለሽ በአፍሽ አትናገሪም? ስንት ዓመት አብረን ዶሮ ቤት ከፍተን፣ ሴት ልጅ እንዲህ ትጥላለች? ጅግሮቹ ካንቺ ይሻላሉ። ሁለቱ እንኳ ተመልሰዋል!" ያን ሁሉ ጊዜ ያስቀመጥኩላትን ወሬ በቁጣ መሃል አባከንኩት። አጠገቤ ወፍጮ ቤት ላላት ጎረቤቴም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሴቶችም ተናገርኩ። ያልሰማ አልነበረም።

አዲስ ቄቦች ገዝቼ የዶሮ ቤቱን አድሼ ነበር። አንድ ጠዋት፣ ገና ሳልከፍትላቸው፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የወፍጮ ቤቷ ጎረቤቴ ናት። ከኋላዋ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቆመዋል፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ሽማግሌ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀውታል። ማንም ደህና አደርሽ አላለኝም።

"ልጄ ናት?" አልኩ። "ልጄ ናት ወይ? ልጆቹ ናቸው? ንገሩኝ!"

"ልጅሽ ደህና ናት" አለች ጎረቤቴ፣ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ይዛ። "ልጆቿም ደህና ናቸው። ሁሉም ደህና ናቸው። ግቢ፣ ቁጭ በይ።"

አስቀመጡኝ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀመጡ። በር ላይ አንዲት ሕፃን ያዘለች፣ የማላውቃት ሴት ቆማለች። ጫማዋ ላይ የመንገድ አቧራ አለ። እንባዋ ይወርዳል። "እማማ" ስትል ብቻ አወቅኳት። ድምፅዋን ነው ያወቅኩት። የአርባ ምንጯ ናት።

ከዚያ ሽማግሌው ተናገሩ። "እህቴ፣ በደብረ ብርሃን የነበረችው ጓደኛሽ አርፋለች። እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉ።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ያዙኝ። የያዙኝ ባይኖሩ መሬቱ ላይ እወድቅ ነበር። ሴቶቹ አይተዋት ለማያውቋት ሴት አብረውኝ አለቀሱ። እኔም ብሆን አይቻት አላውቅም። ጸለዩ፤ ሻይ አፈሉ፤ ቄቦቹን አንዷ ወጥታ ከፈተችልኝ። አውራ ዶሮ አልነበረኝም፤ ግቢው ጸጥ አለ።

ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ንዴቴ መጣ። የአርባ ምንጯን አጠገቤ ጠርቼ "መቼ ነው የሞተችው?" አልኳት።

"እርስዎ አልዱባ እንደሄዱ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ጉንፋን ነው ብላ ተኛች፤ አልተነሳችም። ልጇ ናት ለእኔ የደወለችው።"

"ዓመት ሊሞላ! እናንተ ግሩፑ ውስጥ ስታለቅሱላት፣ እኔ ጅግራ ስጠብቅ ነበር። መጥቼም በዝግ ስልክ ላይ ሞታ ስሰድባት ከረምኩ። ይሄ ፍርድ ነው? የለቅሶዋን ቀን የወሰዳችሁብኝ በምን ሥልጣን ነው?"

"ለሁለት ሳምንት ብዬ ነበር ያስወጣሁዎት" አለች። "የግሩፑን ለቅሶ ብቻዎን እንዳይሰሙ፣ መርዶው በወጉ እስኪነገርዎት ብቻ። አልዱባ ድረስ መጥቶ መርዶ የሚነግርዎት ሰው ጂንካ ብንፈልግ፣ ቤትዎን የሚያውቅ ከመካከላችን አንድ እንኳ ጠፋ። ስምዎን የሚያውቅ የለም። ሁላችንም 'የጂንካዋ' ነው የምንለው። ቀጥሎ ዝናቡ የኮንሶን መንገድ ዘጋው፤ ቀጥሎ ይቺ ተወለደች። ሲመለሱ ደግሞ ቤትዎን ጠይቄ ዘጉብኝ። ትናንት አውቶብስ ተሳፍሬ መጣሁ። ሁልጊዜ በቮይስዎ ውስጥ ወፍጮ ይሰማ ነበር። መነኻሪያ ወርጄ፣ ዶሮ የምታረባ፣ ወፍጮ አጠገብ ያለች፣ ቁጡ እናት አለች ወይ እያልኩ ጠየቅኩ። ጎረቤትዎ ናቸው አሳድረው ያመጡኝ።"

ጎረቤቴ "ቁጡ ስትል ወዲያው ገባኝ" አለች። በለቅሶ መሃል አንዷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

"ሁሉም ይሁን። መንገዱም ይሁን፣ ወሊዱም ይሁን። ግን ስልክ ነበረሽ! ስልኬ መሰበሩን አታውቂም ነበር፤ ማክሰኞ ማክሰኞ መንገዱ ዳር ቆሜ ቮይስ እንደምሰማ ግን ታውቂ ነበር። አንድ ቃል ብትልኪልኝ ምን ነበረበት? መርዶ በስልክ አይነገርም ማለት ሰው ዓመት ሙሉ ተታሎ ይኑር ማለት ነው?"

ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና እንዲህ አለችኝ፦

"የእህቴን ሞት ገበያ መሃል ብቻዬን የሰማሁት እኔ ነኝ፣ እማማ። ያን ቀን ስለ እኔ የተቆጡልኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ። እርስዎን በገበያ መሃል፣ በመንገድ ዳር፣ ብቻዎን አላሰማዎትም ብዬ ነው።"